የጋማ ከብት በሽታን በአገር ደረጃ መቆጣጠር፦ ከክትባቱ በፊት መተላለፊያውን መለየት

የፈረስ፣ የአህያና የበቅሎ በሽታ መቆጣጠሪያ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። የበሽታዎቹ ስም በተራ ይደረደራል፤ በየስሙ ትይዩ «ክትባት» ተብሎ ይሞላል፤ በጀቱም በዚያው ይሰላል። ግን በማዳቀል የሚተላለፈው ዶውሪን ክትባት የለውም፤ ሰውንም የሚይዘው ግላንደርስም የለውም። የጋሪ ፈረስን እግርና አንገት የሚያቆስለው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ በአገራችን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለውም። አህያን ከእብድ ውሻ በሽታ የሚያድናት ደግሞ በዋናነት ለውሻው የሚሰጠው ክትባት ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ በበሽታ ስም ሳይሆን በሽታው ከእንስሳ ወደ እንስሳ በሚሄድበት መንገድ ይዋቀር። መንገዶቹ አምስት ናቸው፦ ተናካሽ ነፍሳት፣ ቁስልና የመጫኛ ዕቃ፣ ማዳቀል፣ ትንፋሽና የውሃ ገንዳ፣ ንክሻ። መንገዱ ሲታወቅ ማን እንደሚዘጋው፣ በየትኛው ወር እንደሚዘጋና በማን ገንዘብ እንደሚዘጋ ለመወሰን ይቀላል። ከዚህ በታች ያለው ለኢትዮጵያ ሁኔታ የተጻፈ ነው፤ ለክልል ቢሮና ለወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያገለግል ታስቦ።

ቆጠራው

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት በዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ ፈረሱም ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። ይህ የአገር ድምር ለክትባት ማዘዣ አይረዳም። የሚያስፈልገው በወረዳ፣ በዝርያና በሥራ ዓይነት የተከፋፈለ ቁጥር ነው፦ ስንት የጋሪ፣ ስንት የጭነት፣ ስንት የግልቢያ፣ ስንት ድንጉላ፣ ስንት ባዝራ፣ ስንት ውርንጭላ።

ከሁሉ የሚዘነጋው የከተማ ጋሪ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ገበሬ ስላልሆነ የቀበሌ ግብርና ሠራተኛ አይቆጥረውም፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሚያውቀው ጋሪውን እንጂ ፈረሱን አይደለም። ስለዚህ ለከተማ ቆጠራ የጋሪ ማኅበራትን መዝገብ፣ ጋሪ ሰሌዳ በሚሰጥበት ከተማም የሰሌዳውን መዝገብ ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ጋሪዎች በሚቆሙበት ቦታ ተገኝተው በእጅ ይቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከ20 በመቶ በላይ ከተራራቁ መዝገቡን ትተው የእጁን ቆጠራ ይያዙ።

ከእንስሳው ቁጥር ጋር የገበያ ካርታ ይዘጋጅ። አህያና ፈረስ የሚሸጥባቸው ገበያዎች፣ የሚውሉበት ቀን፣ እንስሳቱ ከየትኛው ወረዳ እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ። ለዚህ የሚረዱት ደላሎችና የቀረጥ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ከማንኛውም የቢሮ ሰነድ የተሻለ ያውቃሉ። ወረርሽኝ ሲነሳ የሚዘጋው ገበያ የሚመረጠው ከዚህ ካርታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ካርታ መሥራት ከተጀመረ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የደም ናሙና ጥናት ሲታቀድ «አቅም እንደፈቀደ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ስሌቱ ቀላል ነው። የበሽታው ስርጭት ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 384 እንስሳ ያስፈልጋል። ናሙናው ግን በየቀበሌው እየተሰበሰበ የሚወሰድ ስለሆነና የአንድ ቀበሌ እንስሳት ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ቢያንስ በሁለት ይባዛል፤ 768 ይሆናል። ጥያቄው «በሽታው አለ ወይስ የለም?» ብቻ ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ቢኖር 5 በመቶውን ይይዛል ተብሎ ከታሰበ 59 ናሙና፣ 1 በመቶውን ብቻ ይይዛል ከተባለ ወደ 300 ናሙና ይበቃል። ሁሉም ንጹሕ ሆነው ከተገኙ በ95 በመቶ እርግጠኝነት «ከዚህ በላይ አልተስፋፋም» ማለት ይቻላል። «የለም» ማለት ግን አይደለም፤ በሪፖርት ውስጥ ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ሰው ይበዛል።

ሪፖርቱ

የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267/1994 የማሳወቅ ግዴታንና እንቅስቃሴን የመገደብ ሥልጣንን ይዟል። መስክ ላይ የሚጎድለው ሕግ ሳይሆን ባለቤቱ በቀላሉ የሚያስታውሰው ምልክት ነው። ለአርሶ አደርና ለጋሪ ነጂ የሚሰጠው መግለጫ ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ በድንገት የሞተ ፈረስ ወይም በቅሎ፤ ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣ፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ያበጠ፤ ሰውን ወይም ሌላ እንስሳን የሚናከስ አህያ። ከእነዚህ አንዱን ያየ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ይንገር።

ኬላው በየሳምንቱ ሪፖርት ይልካል፤ በሽታ ባይኖርም «ምንም የለም» ብሎ ይልካል። ባዶ ሪፖርት የማይልክ ኬላ በሽታ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሠራተኛ የለውም ወይም ስልክ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ያለ በሽታ አዲስ ሆኖ ከተረጋገጠ አገሪቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባት፤ ከዚያም በየሳምንቱ። ይህ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው በሽታው ከተረጋገጠበት ጊዜ ስለሆነ ናሙናው ወረዳ ላይ ሳምንት ቢተኛ በወረቀቱ ላይ ጥፋት አይታይም፤ በበሽታው ላይ ግን ይታያል።

ሪፖርት የሚሞትበት ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው። ጋሪ ነጂ ፈረሱ ከታሰረ የዕለት ገቢው ይቆማል። ዕቅዱ ላይ የሚወገድ እንስሳ ካለ ካሳው ከየት እንደሚከፈል፣ የሚታሰር ካለ ለስንት ቀን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ የታመመው ፈረስ በሌሊት ወደ ሌላ ወረዳ ይሸጣል።

በትንኝ የሚመጣው፦ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ

ከሁሉ የሚገድለው ይህ ነው። ቫይረሱ ዘጠኝ ሴሮታይፖች (የአንዱ መከላከያ ሌላውን ሁልጊዜ የማይመክትባቸው ዓይነቶች) አሉት። ከእንስሳ ወደ እንስሳ በንክኪ አይተላለፍም፤ የሚያስተላልፉት ኩሊኮይደስ የተባሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ደቃቅ ትንኞች ናቸው። ከፈረስ እስከ 95 በመቶ፣ ከበቅሎ ግማሽ ያህሉ፣ ከአህያ ከአሥር አንዱ ገደማ ይሞታል። አህያ አትሞትም ማለት ግን አትያዝም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱን በደሟ ውስጥ እስከ 28 ቀን ልትይዝ ትችላለች። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ የተያዘ ፈረስ 40 ቀን የማስተላለፍ ጊዜ ይቆጥራል።

በአገራችን ይህን በሽታ ማጥፋት የሚቻል ዓላማ አይደለም። አህያው ብዙ ነው፤ በደቡቡ ክፍል የሜዳ አህያ አለ፤ ትንኟም በአብዛኛው ዓመት አትጠፋም። ትክክለኛው ዓላማ የፈረስና የበቅሎ ሞትን መቀነስ ነው። ይህ በዕቅዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ አስፈጻሚው ከሦስት ዓመት በኋላ «ለምን አልጠፋም?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጊዜው። በሽታው የሚበረታው ከክረምት ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክትባቱ መከላከል የሚሰጠው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ዘመቻው በሚያዝያና በግንቦት ተሠርቶ ሰኔ አጋማሽ ላይ ማለቅ አለበት። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ዝናቡ ስለሚቀድም ዘመቻውም ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ገንዘቡ የሚለቀቀው በሐምሌ ስለሆነ ክትባቱ በመስከረም ይደርሳል፤ በመስከረም የተከተበ ፈረስ አስቀድሞ የተነከሰ ሊሆን ይችላል፤ ከተከተበ በኋላ ሲሞት ደግሞ ሕዝቡ «ክትባቱ ገደለው» ይላል። የሚቀጥለው ዓመት ዘመቻ የሚሞተው በዚህ ወሬ ነው።

ማዘዣው። ለምሳሌ አንድ ወረዳ 1,600 ፈረስ፣ 400 በቅሎና 4,000 አህያ አለው እንበል። ክትባት ካነሰ መጀመሪያ የሚከተቡት ፈረስና በቅሎ ናቸው፤ 2,000 ማለት ነው። የ90 በመቶ ሽፋን 1,800 ነው። በጠርሙስ ውስጥ የሚቀረው፣ የሚፈሰውና ጊዜው የሚያልፍበት 15 በመቶ ከተያዘ 1,800ን ለ0.85 ማካፈል ነው፤ 2,118 ዶዝ ይሆናል። ጠርሙሱ ባለ 50 ዶዝ ከሆነ 43 ጠርሙስ። 15 በመቶውን 1,800 ላይ ደምሮ 2,070 ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ በመጨረሻው ቀበሌ ላይ ያጥራል። አንድ ቡድን ከሦስት ሰው ያነሰ አይሁን፦ ከታቢ፣ መዝጋቢና ፈረስ መያዝ የሚችል ጠንካራ ሰው። ፈረስ እንደ በግ በመተላለፊያ አይነዳም፤ በቀን 120 ከተከተበ ጥሩ ነው። 1,800 እንስሳ የ15 ቡድን-ቀን ሥራ ነው፤ ሦስት ቡድን በአምስት ቀን ይጨርሰዋል።

ቅዝቃዜው። ሕያው ክትባት (የተዳከመ ግን ያልሞተ ቫይረስ ያለበት) ከማቀዝቀዣ ወጥቶ እስከ መርፌው ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለበት። በሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ይግባ፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ተነቦ ይመዝገብ። የበረዶ ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ እንደተጋገረ ከጠርሙሱ ጋር አይነካካ፤ በመካከል ጋዜጣ ወይም ካርቶን ይደረግ። ክትባቱ የሚበጠበጠው ከአምራቹ በመጣው ማቅለጫ ብቻ ነው፤ ያ ከሌለ በመለያው ላይ በተጻፈው ፈሳሽ። ሲሪንጅ በአልኮል ወይም በበረኪና ታጥቦ ወዲያው ሕያው ክትባት ከተቀዳበት ቫይረሱ በሲሪንጁ ውስጥ ያልቃል፤ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ። የተበጠበጠ ጠርሙስ በመለያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ካለፈ ይጣላል። «አሥር ዶዝ ቀርቶበታል» ብሎ ለነገ ማሳደር የሚያስከፍለው ከአሥር ዶዝ በላይ ነው።

ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ መርፌ። ይህን በበጀት እጥረት ምክንያት የሚያልፍ ዘመቻ መከልከያ ሳይሆን ማሰራጫ ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ፈረስ ደም በመርፌ ጫፍ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ትኩሳት ያለው እንስሳ አይከተብ። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ያለች ባዝራ ትቆይ። ውርንጭላ ከእናቱ ወተት የወሰደው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍበት ስድስት ወር እስኪሞላው ይጠበቅ። የተከተበ እንስሳ ለሁለት ሳምንት ከባድ ጭነት አይጫን፤ ይህ ለጋሪ ነጂ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ ቢያንስ ሩጫና ከመጠን በላይ ጭነት እንዲቀር አግባቡ። ለእያንዳንዱ ባለቤት ቀኑ፣ የክትባቱ ባች ቁጥርና የእንስሳው መልክ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠው። በዘመቻው ሰሞን ደግመው እንዳይከትቡት ጋማው ሥር ጥቂት ጸጉር መቁረጥ በቂ ምልክት ነው።

የክትባቱ ጉድለት። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የክትባት አምራች ለዚህ በሽታ የሚያዘጋጀው የተዳከመ ሕያው ክትባት በሴሮታይፕ 9 ላይ የተመሠረተ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ግን ሌሎች ሴሮታይፖችም ተገኝተዋል። 6ና 9 በከፊል ይመሳሰላሉ፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚሠራበት ክትባት ሁለት ጠርሙስ ነው፤ አንዱ 1፣ 3ና 4ን፣ ሌላው 2፣ 6፣ 7ና 8ን ይይዛል፤ 5ና 9 ያልገቡት 8ና 6 ስለሚመክቱላቸው ነው። ስለዚህ የተከተቡ ፈረሶች ሲሞቱ መጀመሪያ የሚደረገው ሴሮታይፑን ማስለየት ነው። ሌላ ሴሮታይፕ ከሆነ ክትባቱ ጥፋት የለበትም፤ የክትባት ምርጫው ነው። ሴሮታይፕ 9 ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜው፣ ሲሪንጁና ቀኑ ይመርመር።

ናሙናው። ትኩሳት ላይ ካለ እንስሳ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ብልቃጥ ሙሉ ደም ይወሰድ፤ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ እንጂ አይቀዝቀዝ እስከ በረዶ፤ ከበረደ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉና ቫይረሱን ከእነሱ ላይ ማውጣት ያስቸግራል። ከሞተው ከጣፊያ፣ ከሳንባና ከዕጢ ትንንሽ ቁራጮች። በመላኪያው ወረቀት ላይ እንስሳው የተከተበበት ቀን ካልተጻፈ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ ከሕያው ክትባት በኋላ ቫይረሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራም ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልገው ኤላይዛም «አለ» ሊሉ ይችላሉና።

ሬሳ ከመክፈት በፊት ግን አባ ሰንጋ ይጠርጠር። ደሙ የማይረጋ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የሚወጣ፣ ቶሎ የሚነፋ ሬሳ አይከፈት፤ ከጆሮ ደም ሥር ስሚር (በመስታወት ላይ የተቀባ ስስ ናሙና) ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታይ። በአባ ሰንጋ ለሞተ ኖራ አይነስነስ፤ ካልሲየሙ ዘሩን ያቆየዋል ተብሎ ስለሚታመን። ጉድጓዱ ጥልቀት ሁለት ሜትር ይሁን፤ በእኛ አገር ጅብ ያንን ያህል ካልተቆፈረ ያወጣዋል። በአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሞተ እንስሳ ሥጋ ደግሞ ለውሻ አይሰጥ፤ ውሻ የተበከለ ሥጋ በልቶ በበሽታው ሊሞት ይችላል።

ትንኟ። የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፈረስ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ወደ ጋጣ ይግባ፤ ከወጣች ሁለት ሰዓት በኋላ ይውጣ። የምትራባው እበት በተቀላቀለ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ነው፤ የውሃ ገንዳ ዙሪያው ድንጋይ ይነጠፍበት፤ እበቱም ይራቅ። ተራ የቢምቢ አጎበር አያቆማትም፤ ከቀዳዳው ታልፋለች። ወይ ደቃቅ ወንፊት መረብ ይጠቀሙ፤ ወይ አጎበሩ በዴልታሜትሪን የተነከረ ይሁን። ለጋሪ ፈረስ ይህ ሁሉ አይደርስም፤ ስለዚህ ከአንገት እስከ ሆድ የሚቀባ ነፍሳት ማባረሪያ በየሳምንቱ መቀባት የሚደረስበት ነው።

ከሌላ አገር የሚወሰድ ትምህርት ካለ እስፔን ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 ከናሚቢያ ከመጡ የሜዳ አህዮች ጋር የገባው ሴሮታይፕ 4፣ የብርዱ ወራት ሞቃት በሆኑበት ደቡብ እየከረመ እስከ 1990 ተመላለሰ። ታይላንድም እ.ኤ.አ. በ2020 ከ500 በላይ ፈረስ ሞቶባት ተመልሳ ነጻ የወጣችው በመረብ፣ እንቅስቃሴን በማገድና በክትባት ነው። የአውሮፓ ደንብ በወረርሽኙ ዙሪያ 100 ኪሎ ሜትር የመከላከያ፣ ከዚያ ውጭ 50 ኪሎ ሜትር የቅኝት ቀጠና ያዝዛል። ይህን ክብ ሸዋ ላይ ማሳል ትርጉም የለውም፤ ቫይረሱ በክቡ ውስጥም ውጭም አለ። የሚጠቅመው ሞት የተነሳበትን ወረዳ የጋማ ከብት ገበያ ለ40 ቀን ማገድ ነው። የእህል ገበያው አይዘጋ፤ ሁሉን ዘግቶ የጸና እገዳ የለም።

በቁስልና በዕቃ የሚሄደው

ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የጋሪ ከተማ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ 28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች በታዩበት ጥናት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ተይዞ ነበር። በአንዳንዱ ከተማ ፈጽሞ አልተገኘም፤ በሌላው ከሦስቱ አንዱን አልፏል። ይህ ልዩነት በከፊል ከአየሩ ነው፤ ፈንገሱ ሞቅ ያለና እርጥብ ወይና ደጋን ይወዳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም ከተማ እኩል አይከፋፈል።

ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉን የሚከፍተው ደግሞ ልጓምና ድልዳል የሌለው የደረት ማሰሪያ። ዝንብ ያመላልሰዋል፤ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው የሚዞር ማበጠሪያና ኮርቻም። ምልክቱ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ሲሆን በኋላ ይፈነዳሉ።

መጀመሪያ ከግላንደርስ ይለይ። ግላንደርስ ሰውን ይገድላል፤ የተያዘው እንስሳ ይወገዳል እንጂ አይታከምም። ያልፈነዳ እብጠት ንጹሕ በሆነ መርፌ ተወግቶ የወጣው መግል ስሚር ይደረግ፤ ጊምሳ በተባለው ማቅለሚያ ሲቀባ ዙሪያው ነጣ ያለ ቀለበት ያለበት ደቃቅ እርሾ ከታየ ሊምፋንጃይተስ ነው። ካልታየና አፍንጫው የሚያዥ ከሆነ ጓንትና ጭንብል ይደረግ፤ በታችኛው የዓይን ሽፋን ቆዳ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ማለይን (ከግላንደርስ ባክቴሪያ የሚዘጋጅ የመመርመሪያ ፈሳሽ) ተወግቶ በ24ና በ48 ሰዓት ይታይ። ያበጠና የሚያነባ ከሆነ እንስሳው ተለይቶ ደሙ ለማረጋገጫ ሰበታ ወደሚገኘው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይላክ።

ሕክምናው የሚሠራው በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፦ እብጠቱ ጥቂት ሲሆን ተከፍቶ በ7 በመቶ አዮዲን ይጸዳል፤ በአፍ የሚሰጥ አዮዳይድ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል። ሁለት እግርና አንገት የያዘውን ማከም ገንዘብ ማባከንና ፈረሱን ማሠቃየት ነው፤ ሌሎቹንም ይበክላል። ይህን ለባለቤቱ መናገር ከባድ ቢሆንም የሚናገረው ሰው ሐኪሙ ነው።

የሚሻለው ማጽዳቱ ነው። የብረትና የፕላስቲክ ዕቃ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ካለበት በረኪና አይሠራም። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ተደርጎ 1 በመቶ ይሆናል፤ ዕቃው 10 ደቂቃ ይዘፈቅ። ቆዳን ያበላሻል፤ ቆዳ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ የጋሪ ሰሌዳ ሲታደስ ድልዳል የሌለው ማሰሪያ ያለበት ጋሪ አይታደስ፤ ክፍት ቁስል ያለበት ፈረስ እስኪድን አይጠመድ። የሕክምናው ዶክተር ሁሉ ከሚሠራው በላይ ይህ ይሠራል።

በማዳቀል፣ በትንፋሽ፣ በንክሻ

ዶውሪን በአርሲና በባሌ ደጋ የሚታወቅ፣ በግንኙነት ብቻ የሚተላለፍ፣ ትሪፓኖሶማ የተባለ ደቃቅ ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። የብልት እብጠት፣ በቆዳ ላይ ሳንቲም የሚመስሉ እብጠቶች፣ የኋላ እግር መድከም፣ ክሳት። የመዝጊያው ቁልፍ ድንጉላው ነው፤ የአንድ አካባቢ ድንጉላዎች በየዓመቱ ከማዳቀያ ወቅት በፊት ደማቸው ይመርመር፤ የተያዘው ይኮላሽ ወይም ይወገድ። አዲስ ባዝራ ያለ ምርመራ ወደ መንጋ አትግባ።

በምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሸለቆዎች የሚታየው ገንዲ በቆላ ዝንብ የሚመጣ ስለሆነ ሥራው ከከብት ገንዲ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ የጋማ ከብት የገንዲ መድኃኒት የሆነውን ዲሚናዚንን እንደ ላም አይችልም። ክብደት በዓይን አይገመት። ለፈረስ የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ በርዝመቱ ይባዛና በ11,900 ይካፈላል፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 214 ኪሎ ነው። ለአህያ የራሱ ሰንጠረዥ አለው።

የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ እንደ ሰደድ እሳት ይሄዳል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ሲገባባት መጀመሪያ ያደረገችው ፈረስ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ማዘዝ ነበር፤ የተከተበን ከተያዘ የሚለይ ክትባትም ተጠቀመች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የመጨረሻው በሽተኛ ታይቶ በሰኔ 2008 ነጻ ተባለች። ለእኛ ከዚህ የሚወሰደው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፦ ሳል በገበያ ሲታይ ያ ገበያ ለጋማ ከብት ይዘጋ፤ የሚያስሉት ለ21 ቀን ይለዩ። የጋራ የውሃ ገንዳ የጉሮሮ እብጠትና መግል የሚያመጣውን ስትራንግልስንም ያሰራጫል፤ ገንዳው በየቀኑ ይደፋ።

ከአህያ ጋር ድንበር የሚሻገር በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት የአህያን ቆዳ ንግድ ቢያግድም በድብቅ የሚነዳው አህያ ምርመራ ሳያይ ያልፋል፤ የድንበር ኬላዎች በምሽት ሰዓት ሠራተኛ ያስፈልጋቸዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ አህያን የሚይዘው በውሻ ወይም በጅብ ንክሻ ነው። በወረዳው ከውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው ይቆማል። የምትናከስ፣ ራሷን የምትነክስ፣ መዋጥ ያቃታት አህያ አፍ ውስጥ እጅ አይግባ፤ ጉሮሮዋ የታነቀ መስሏቸው እጃቸውን የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ምራቋ የነካው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከዘመቻው በኋላ

ክትባቱ ከተሰጠ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ከተከተቡት 60 ፈረሶች ደም ይወሰድ፤ ቡድኑ በተለያዩ ቀኖች ከከተባቸው፣ ከመጀመሪያው ቀንም ከመጨረሻውም። አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካል ካላሳዩ ቀኖቹ ይነጻጸሩ። በመጨረሻው ቀን የተከተቡት ብቻ ከወደቁ ችግሩ የበረዶ ሣጥኑ ነው፤ በአንድ ከታቢ እጅ ያለፉት ብቻ ከወደቁ የሲሪንጁ አጠባ ነው፤ ሁሉም ከወደቁ ባች ቁጥሩ ተጠቅሶ ለአምራቹ ይጻፍ። ከዘመቻው በፊት የተከተበ እንስሳ ፀረ እንግዳ አካል ሊኖረው ስለሚችል ናሙናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከተቡት፣ በተለይም ከሁለት ዓመት በታች ካሉት ይወሰድ።